የንባብ ክበብ፦ ዓመቱን በአንድ ልቦለድ

ዘንድሮ በንባብ ክበብ ያነበብነው አንድ ልቦለድ ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ። አምና 4 ጀምረን አንዱንም በወጉ አልጨረስንም፤ ዘንድሮ ግን 20 የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች አንድ መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ጨርሰዋል።

አጀማመራችን ጥሩ አልነበረም። አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ሰሌዳው ላይ 10 ጥያቄ እደረድር ነበር። የልጁ ስም ማን ነው? የት ይኖራል? ምን ጠፋበት? ልጆቹ መልሱን ይፈልጋሉ፣ ያገኙታል፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ። ታሪኩን ማንም አያነበውም ነበር። አንድ ቀን ገና መጽሐፉን ሳንከፍት አንዱ ተማሪ "ዛሬ ጥያቄው ስንት ነው?" አለኝ። ያኔ ነው የነቃሁት።

ጥያቄውን ተውኩትና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ ሰው ይሄ ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ ራሱ አንብቦ ከሚረዳው ይልቅ ሲነበብለት ሰምቶ የሚረዳው ይበልጣል፤ ስለዚህ ቃል ላይ የሚንተፋተፈውም፣ እንደ ውሃ የሚያንበለብለውም እኩል ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 3 ምዕራፎች ለልጆቹ አልተውኩም። ልጅ ልቦለድ የሚጥለው እዚያ ላይ ነው፤ ስሙ ይበዛበታል፣ ቦታው አዲስ ይሆንበታል፣ ገና ምንም ነገር አልተፈጠረም። ደግሞም የነበረን ቅጂ 6 ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የት እንደማቆም መምረጥ ጀመርኩ። ምዕራፍ ሲያልቅ ካቆምክ ለልጅ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ በሩ ሲንኳኳ፣ ከመከፈቱ በፊት አቆማለሁ። ጩኸቱን ብትሰሙት! ከዚያ ሁሉም በቁራጭ ወረቀት ግምቱን ይጽፋል፤ ግን "ይመስለኛል" ብቻ አይበቃም፣ እስካሁን ካነበብነው አንድ ማስረጃ ማምጣት አለበት። አንዷ "ጎረቤትየው ነው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቁልፍ ይዞ ነበር" ብላ ጻፈች። እኔ ልብ ያላልኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ግምቷ ልክ አልሆነም። ግን ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ ማንም ሳያዘው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተመለሰ፣ ይሄ ለኔ ከማንኛውም ፈተና ይበልጣል።

ግድግዳው ላይ የታሪኩን መንደር ካርታ ሣልን። ጉድጓዱ ከቤቱ በስተጀርባ ነው ወይስ ማዶ? ጭቅጭቁ 2 ሳምንት ፈጀ፤ ሁሉም መጽሐፉን እየገለጠ ይሟገታል። መቼት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ትርጉሙን ሳላጽፋቸው ገባቸው።

በጣም የወደዱት ግን "የጥያቄ ወንበር"ን ነው። አንዱ ልጅ ከታሪኩ ገጸ ባሕርያት አንዱን ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ እሱ "እኔ" እያለ ብቻ ይመልሳል። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማነው ልጅ እጁን አውጥቶ ውሸታሙን ሰውዬ ልሁን አለ። "ለምን ዋሸህ?" አሉት። ዝም አለ። ቆይቶ "እውነቱን ብናገር ማን ያምነኝ ነበር?" አላቸው። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው ሲያወሩ "መጥፎ ነው" የሚሉት ቀነሱ።

ያልሠራም አለ። በ4 በ4 እየከፈልን ለአንዱ ማጠቃለል፣ ለአንዱ ቃል ፍለጋ፣ ለአንዱ ሥዕል፣ ለአንዱ ጥያቄ ማውጣት ሰጥተን ነበር፤ ሁሉም የራሱን ቅጽ ሞልቶ ዝም ይል ጀመር። ውይይቱን ቅጹ በላው። ቅጹን ስናነሳው ወሬው ተመለሰ። አዲስ ቃልም ከንባብ በፊት ከ3 በላይ አላስተምርም፤ የቀረውን ከዐረፍተ ነገሩ እንዲገምቱት እተዋለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ "እርስዎ አያንብቡልን" አሉኝ። ቅጂዎቹን ለ3 ለ4 ተጋርተው፣ አንገት ለአንገት ተደፍተው በለሆሳስ አነበቡት። ሲጨርሱ አንዷ ቀና ብላ "ከዚያ በኋላስ?" አለች። ደብተሯን አቀበልኳት። የ20ዎቹም "ከዚያ በኋላ" አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከልቦለዱ አጠገብ ተደርድሯል።