የባሕር ዳር ልጅ ለባቡር ሙዚየም ምን አነሰው?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንደ ሙዚየም ስለሚጎበኘው የድሬዳዋ የጥንት ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ በቤተሰብ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ ስለ ሸመንደፈር (የጥንቱ ባቡር ድርጅት) ሠራተኞች የተጻፈው መልካም ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመጨረሻው አንቀጽ ጋር ነው። ባቡር በማያልፍባቸው ከተሞች ለሚያድጉ ትንንሽ ልጆች ጉብኝቱ ብዙም ትርጉም እንደማይሰጥ፣ ወላጆችም ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ቢጠብቁ እንደሚሻል ጸሐፊው ይመክራል። ለምሳሌ ብሎ የጠራው ደግሞ ባሕር ዳርን ነው። ከአገሩ ከተሞች ሁሉ መርጦ የእኔን ልጆች ከተማ!

የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እህቴ ድሬዳዋ ስለምትኖር ሁለቱንም ይዤ እዚያ ወርክሾፕ ገብቻለሁ። ጸሐፊው የፈረደው በማያውቃቸው ልጆች ላይ ነው፤ እኔ ስለማውቃቸው ልናገር።

መጀመሪያ ግን ክርክሩ ራሱ ይቆም እንደሆነ እንየው። ባቡር በደጁ የማያልፍ ልጅ የባቡር ሙዚየም ትርጉም አይሰጠውም ከተባለ፣ ትርጉም የሚሰጠው የትኛው ልጅ ነው? የአዲስ አበባ ልጅ የሚያየው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ቀላል ባቡር ነው፤ እሱም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመርም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው አሮጌ ባቡር ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ፣ የአዳማም ይሁን የአዋሽ፣ ያ ባቡር ሲያልፍ አላየም። ስለዚህ በጸሐፊው ሚዛን ከተመዘነ ለጉብኝቱ የሚበቃ ሕፃን ከነጭራሹ አይገኝም። ሙዚየም የሚከፈተው በደጃችን የማናየውን እንድናይበት አይደለም እንዴ? ሉሲን ለማየት ሐዳር መወለድ ያስፈልጋል ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ልጄ የነጂውን ክፍል ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው «መሪው የታለ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ከየት አመጣው? ከጣና ነው ያመጣው። ወደ ዘጌ ስንሻገር ሁልጊዜ ከጀልባው ነጂ አጠገብ ካልቆምኩ ይላል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊው በአንድ ጎን ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ሌላው እንደምትዞር ከዳር ቆሞ አይቷል። ባጃጅም መሪ እንዳላት ያውቃል። ይህ ሁሉ ብረት መሪ ሳይኖረው እንዴት እንደሚታጠፍ ግን አልገባውም፤ ስላልገባውም ጠየቀ። ያስጎበኙን ጡረታ የወጡ አባት ጎንበስ ብለው ጎማውን አሳዩት። የብረቱ ጎማ በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ነጂው ማፍጠንና ማቆም እንጂ ማጠፍ አይችልም፤ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነው መሬት ላይ ባለው መስመር መቀየሪያ ነው። ልጄ ጣቱን በጎማው ከንፈር ላይ እየነዳ ዙሪያውን ጨረሰ፤ እጁ በግራሶ ጠቆረ፤ እኔም ዝም አልኩት። ይህን ነው ጸሐፊው ትርጉም የለውም ያለው።

ታናሺቱ ደግሞ በቆመው መስመር ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ተንበርክካ ግራና ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ሁለቱንም ብረት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። የጥንቱ መስመር ስፋት አንድ ሜትር ነው። የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እዚያ ብትሆን አትደርስም ነበር። ልጄ አንድ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ያወቀችው በገዛ ክንዷ ነው፤ ማስመሪያ አላስፈለጋትም።

ታሪኩም ቢሆን ለሕፃን አይከብድም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ እየወጣ 784 ኪሎ ሜትር። ልጄ ዓመቶቹን አልያዘም። የያዘው ባቡሩ እዚያ ለዓመታት ስለቆመ ከተማ መወለዱን ነው። ወዲያው «ባሕር ዳርስ?» አለኝ፤ እኔም ከጣና ማዶ ካለችው ጎርጎራ ጋር ስለሚያገናኘን የጀልባ መስመር እዚያው ቆሜ ነገርኩት። የሐይቅ ወደብ ያየ ልጅ የባቡር ጣቢያ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከማንም አያንስም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጽሑፋችሁ በቤቴ ብቻ ስላልቀረ ነው። በልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ለትንንሾቹ ክፍሎች የክረምት ጉዞ እንዲታሰብ፣ ለዚያም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንድናዋጣ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አንድ ወላጅ ስልኩን አውጥቶ የእናንተን አንቀጽ አነበበልን፦ ጋዜጣውም ለባሕር ዳር ልጆች አይሆንም ብሏል። አጀንዳው ተዘጋ። ሰብሳቢው ወደ ንጽሕና ጉዳይ ተሻገሩ፤ እኔ የተናገርኩት በቃለ ጉባኤውም አልሰፈረም። ልጆቼን ይዤ ስለሄድኩ ደግሞ «ገንዘብ የተረፋት» ተብያለሁ። ለአውሮፕላን ትኬቱ ስንት ወር እንደቆጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባቡር የማያልፍባት ከተማ መባላችንስ ምክንያት ሊሆን ይገባል? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በወጣው የባቡር መረብ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልዲያ የሚሻገር መስመር ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የሚወጣው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመርም ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። ወደ እኛ የሚመጣውን ሐዲድ ነገ የሚዘረጋው መሐንዲስ ከየት እንዲገኝ ነው የታሰበው?

ለወላጆች ምክር መስጠት ካስፈለገ የሚጠቅም ነበረላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ዳር በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው፤ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው በማለዳ ይግባ፣ ውሃና ኮፍያ ይያዝ። ወርክሾፕ ውስጥ ከባቡር ሥር ለመጠገኛ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ስላሉ የትንንሾቹ እጅ አይለቀቅ። ነጭ ልብስ አይለበስ። ከሁሉ በላይ አይቸኮል፤ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ብሎን ስር ሩብ ሰዓት ልትቆም ትችላለች። ይህ አንድም ቦታ አልተጻፈም። በእሱ ፋንታ የተጻፈው አትምጡ የሚል ነው።

የምጠይቃችሁ ያችን አንቀጽ እንድታርሙ ነው፤ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ስለ ልጆቻችን ዳግመኛ ስትጽፉም ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከደብረ ታቦር ቢያንስ አንድ ወላጅ ጠይቁ። እርማቱ ከሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ በፊት ከወጣ አትሜ ይዤው እገባለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር