አባዬ፣ የቮልሷን ቆጣሪ ላክልኝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለውድ አባቴ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ቮልስ?» ብለህ ሳቅክና ዝም አልክ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ዝምታህ ነው። በስልክ ላስረዳህ ብል እማዬ ከጎንህ ሆና «ይኼ ልጅ ሊሞትብኝ ነው» እያለች አላስወራ አለችን። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለቤቱ ማሠሪያ የተቀመጠውን ብር አልነካሁም። ይኼኛው የቅዳሜና እሁድ ትርፍ ሥራ ገንዘብ ነው። ሌላው ሰው በዚያው ገንዘብ ሌላ ነገር ያደርግበታል፣ እኔ ብረት ገዛሁበት።

የምሠራው ነገር ስፒድስተር ይባላል። ጣሪያ የሌለው፣ የፊት መስታወቱ አጭር፣ ቀላል መኪና ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው፣ የኒው ዮርኩ አስመጪ ማክስ ሆፍማን «ለአሜሪካ ረከስ ያለ መኪና ስጡኝ» ብሎ ስለወተወታቸው ነው። ዋጋው ያኔ 2,995 ዶላር ነበር። ዛሬ ዋናውን የሚገዛው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፣ እኔና አንተ አይደለንም። ግን አንተ እንደምታውቀው የፖርሽን ዘር ብትቆጥር መጨረሻ ላይ ቮልስ ታገኛለህ። ስለዚህ እዚህ አገር ሰዎች የቮልስ ሻንሲ ላይ በፋይበርግላስ የተሠራ የስፒድስተር አካል ይጭኑበታል። እኔም አንዱ ጀምሮ የሰለቸውን አካል በርካሽ አገኘሁ። ሻንሲው እ.ኤ.አ. የ1969 ነው፣ ሞተሩ የ1971፣ 1600 ሲሲው። ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚሰጠው ቱርቦ ደግሞ ከአሮጌ ሳአብ መኪና የወጣ፣ ጋሬት የሚባለው ሥሪት ነው። እንግዲህ የሦስት መኪና ልጅ በለው።

የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሜክሲኳዊ አለ፣ የፑዌብላ ልጅ። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራችው እነሱ ከተማ ነው። እነሱ «ቮቾ» ነው የሚሏት። ሻንሲውን ሳሳየው እንደ ዘመድ ዳበሰው።

ከባዱ ሥራ ሻንሲውን ማሳጠር ነበር። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስፒድስተሩ 2,100። ስለዚህ 30 ሳንቲም ከመሃል ቆርጠህ አውጥተህ እንደገና ትበይደዋለህ። መቁረጡስ ይሁን። መሃል ያለው ቦይ ውስጥ የፍሪሲዮኑ ገመድ፣ የቤንዚኑ ቱቦ፣ የማርሹ ዘንግ ሁሉ ነው የሚያልፈው፣ እያንዳንዱ አብሮ ይቆረጣል። ብየዳውን ጎረቤቴ ያለው ጡረተኛ ሽማግሌ አገዘኝ። እሱ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ይዞ መጣ። እኔ ሲባጎ አወጣሁ። አንተ ተጋጭተው የመጡትን እንደምትለካው፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ወጠርኩት። 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወጣ። ሽማግሌው «ይበቃል፣ ማንም አያየውም» አለ። በሐሳቤ የአንተን ፊት አየሁትና ብየዳውን ፈልጄ ቆርጬ ከአዲስ ጀመርኩ። ሙሉ እሁድ ፈጀብኝ። ሽማግሌው እስከ ዛሬ ሲባጎዬን እያነሳ ይስቃል።

አሁን ቱርቦው ለምን እንዳስፈለገ ልንገርህ፣ ምክንያቱም «ቱርቦ የጭነት መኪና ነገር ነው» ማለትህ አይቀርም። እኔ ያለሁበት ከተማ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባይሆንም አየሩ ሳስቷል። ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ አዋሽ ላይ «አሁን ነፍስ ዘራች» ትል የነበረው ትዝ ይልሃል? እኔ ሕፃን ስለነበርኩ ቮልሷ ደክሟት አርፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ አየር አግኝታ ነው። ቱርቦ ማለት አዋሽን ተሸክሞ መውጣት ነው። በማርሚታው በኩል ሊባክን የነበረው ጭስ አንዷን መዘውር ያዞራል፣ እሷ ደግሞ ሌላኛዋን፣ ሌላኛዋ አየር ጨምቃ ለሞተሩ ትሰጣለች።

ደስ የሚለው ይኼ ነገር የተፈተነው እዚሁ ደጃችን መሆኑ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የሚባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ጫፉ ላይ አወጣው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ሆነ። ቱርቦውን ሲገጥሙበት 356 ሰጠ። ይኼን ሳነብ ቮልሳችን የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ስትቃትት ነው የታየኝ።

አሁን ስህተቴን ልናዘዝ። መጀመሪያ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከቱርቦው በፊት ገጠምኩት፣ የድሮዎቹ እንደሚያደርጉት፣ ቀላልም ስለሆነ። አስነሳሁት። ድምፁ ማር! ቤንዚን ሰጠሁት፣ ጥሩ። እግሬን ሳነሳ ግን ሰፈሩ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። ሽማግሌው የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማውን እየጎተተ ወጣ፣ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት። እኔ ደግሞ «ጥቁር ቤንዚን ነው፣ ሰማያዊ ዘይት ነው» የምትለው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ፒስተን ፋሻው ነው ብዬ ሞተሩን በሙሉ ልፈታው ነበር። ግን ካንዴላዎቹን ሳወጣ አራቱም እኩል ርሰዋል። ፋሻ ቢሆን አራቱ በአንድ ቀን አይበላሹም አይደል? ከዚያ ገባኝ። እግርህን ስታነሳ ካርቡራተሩ ይዘጋል፣ ቱርቦው ግን መሳቡን አያቆምም። የሚስበው አየር ሲያጣ ከራሱ ኩሽኔታ ዘይት ይስባል። ለዚያ አገጣጠም ለየት ያለ የካርቦን ማሸጊያ ያለው ቱርቦ ነው የሚያስፈልገው። የሸጠልኝ ሰው «ለማንኛውም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። የየትም አገር የመለዋወጫ ነጋዴ አንድ ነው።

ስለዚህ ገለበጥኩት። አሁን ቱርቦው ይቀድማል፣ ካርቡራተሩ ተጨምቆ የሚመጣውን አየር ይቀበላል። በዚህ ጊዜ ደግሞ አየሩ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የቮልስ የራሷ ፖምፓ ጉልበት የላትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓና የአየሩ ግፊት በጨመረ ቁጥር የቤንዚኑንም ግፊት የሚጨምር መቆጣጠሪያ አስገባሁ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ቱርቦው ከእሱ ይካፈላል፣ ስለዚህ ፊልትሮና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ጨመርኩ። ስለ ሦስተኛዋ ሲሊንደርም አትስጋ። የ71ዱ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከአየር መንገዷ ወጥቶላታል፣ እንደ ያንተዋ ቶሎ ቶሎ ባልቡላ አትበላም። የባልቡላውን ክፍተት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩ። አንተ በምላጭ ነበር የምትለካው። ምላጭ 0.10 አካባቢ ነው፣ ለካሁት። ለያንተዋ 1200 ሲሲ ልክ ነበርክ ማለት ነው።

ባለፈው እሁድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሳለ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ሜዳ ነዳሁት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ምንም የለም፣ ተራ ቮልስ ነው። ሦስተኛ ላይ ከኋላዬ ቀጭን ፉጨት መጣ፣ ዳገት የያዘ አይሱዙ ከሩቅ እንደሚያፏጨው። ከዚያ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ብቻዬን ጮኽኩ። እማዬ ካለች ይኼን መስመር ዝለለው። ስመለስም ወዲያው አላጠፋሁትም፣ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ እንዳይቃጠል ትንሽ እንዲተነፍስ ተውኩት። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ አንተ ጭንቅላትህን ዘንበል አድርገህ ሞተር የምትሰማው ነገር መጣብኝ። አንዲት ትንሽ ቲክ የምትል ድምፅ አለች፣ ባልቡላ ትሁን ማርሚታ አልለየኋትም። ቀድቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ የእህቴ ልጅ ይክፈትልህና ስማት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሁልጊዜ ከዚህ ወደዚያ ነው የሚላከው፣ ዛሬ እኔ ልጠይቅ። ግቢው ውስጥ የቆመችውን ቮልስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ፈልጌዋለሁ። የዚህ አገሩ በማይል ነው፣ እኔ ደግሞ ስንት ዓመቴ፣ እስካሁን ፍጥነት የሚገባኝ በኪሎ ሜትር ነው። ገመዱ ከፊት ግራ ጎማ ስለሚዞር እዚህም ይሠራል። አዲስ መግዛት አቅቶኝ አይደለም። ያ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከዜሮ የጀመረው ቁጥር ነው የምፈልገው። እንዳለ ይምጣ፣ እንዳታጸዳው፣ መስታወቱ ላይ ያለው ስንጥቅም ይቆይ።

አንተ አትጎንበስ። የእህቴ ልጅ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ የቆጣሪውን ጀርባ የሚሸፍነውን ካርቶን ያንሳ፣ ገመዱ በእጅ ይፈታል፣ ከዚያ ሁለት ቪት ብቻ ነው። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ተቆጣው። የዶሮዎቹን ጎጆ ግን ከላይዋ አስቀድማችሁ አንሱ። የእኛ ሰፈር ሰው ለመስከረም ወደዚህ ይመጣል፣ እሱ ይዞልኝ ይመጣል፣ ተነጋግረናል። በጨርቅ ጠቅልሉት። እማዬ በርበሬ መላኳ ስለማይቀር ለየብቻ ይሁን፤ ባለፈው ሻንጣው ውስጥ የተበተነው እስካሁን ከጃኬቴ አልወጣም።

ልጅህ