ልጄ፣ ብሩን ከዚያ አውጣው

አቤልዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን ከረምክ?

በስልክ ብነግርህ "እሺ ማሚ፣ እሺ ማሚ" ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው የጻፍኩልህ። ይሄን ግን እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

አክስትህ የሺ ትናንት ከኦሮራ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ቀጥሎ ስለ ሰርጉ አዳራሽ፣ ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "አቤል በፕሬዚዳንት ምርጫ ብር አስይዟል አሉ" አለችኝ። አልገባኝም። ለአንዱ ተወዳዳሪ መዋጮ የሰጠህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ለካ በስልክ የምትጫወቱት ቤቲንግ ነው። በ2028 የዴሞክራቶቹን እጩነት ማን ያገኛል በሚለው ላይ አምስት ሺህ ዶላር፣ ያውም ለቤት መግዣ ካጠራቀምከው ላይ ቀንሰህ፣ አንድ ሰው ላይ ጭነሃል። ለምን እሱ? ፖል ላይ፣ ያ ለሰው እየደወሉ "ማንን ትመርጣለህ?" የሚሉት ጥናት ላይ፣ ስለሚመራ።

ብሩን ከዚያ አውጣው።

"ቁማር አይደለም፣ ኢንቨስትመንት ነው" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዋጋው በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፣ በፈለጉ ጊዜ መሸጥ ይቻላል፣ ይሄን ሁሉ የየሺ ልጅ አስረድታኛለች። እሺ። ግን አንተ የምታየው ያንኑ ፖል ነው። ሌላውም ሰው የሚያየው እሱኑ ነው። አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝና ዝም እላለሁ።

ደግሞ ሰውዬህ ገና እወዳደራለሁ ብሎ እንኳ አላወጀም። በ1991 የኒው ዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩሞ እንዲሁ ነበር። ሁሉም እሱን ይጠብቃል፣ ፖል ላይም ቀዳሚው እሱ ነው። ዲሴምበር 20 በኒው ሃምፕሸር፣ ቀድመው ከሚመርጡት ስቴቶች በአንዱ፣ ተወዳዳሪዎች የሚመዘገቡበት የመጨረሻው ቀን ነበር። አልባኒ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደዚያ ሊወስደው የተከራዩት አውሮፕላን ቆሞ እየጠበቀው፣ ወጥቶ "አልወዳደርም" አለ። እጩነቱን ያገኘው ቢል ክሊንተን ነው። ያኔ ከአርካንሳስ ውጭ ስንት ሰው ያውቀው ነበር? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፣ ልጄ።

የእኛን ቤት የ2007 ታሪክ መቼም አትረሳውም። ሁለተኛ ክፍል ነበርክ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አባትህና ጋሽ ታደሰ ይጨቃጨቃሉ፣ አንተ ጠረጴዛ ስር ከቀለሞችህ ጋር ተቀምጠህ ትሰማለህ። አባትህ የሂላሪ፣ ጋሽ ታደሰ የኦባማ፤ ሂላሪና ኦባማ ለዴሞክራቶቹ እጩነት ይፎካከሩ ነበር። አባትህ ታክሲው ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ይውልና ፖሉን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦት ይመጣል። አልዋሸም፣ በዚያ ኦክቶበር ሂላሪ በአገር አቀፍ ፖል ኦባማን በ30 ነጥብ ገደማ የመራችበት ጊዜ ነበር። "ታዴ፣ ይሄ ነገር አልቋል" አለው። ተወራረዱ። ክትፎ፣ ለአሥር ሰው።

ጃንዋሪ 3 መጀመሪያ በሚመርጠው ስቴት፣ አዮዋ ላይ፣ ኦባማ 38 በመቶ አመጣ። ሂላሪ ከሌላው ተወዳዳሪ ከኤድዋርድስም ትንሽ ዝቅ ብላ ሦስተኛ ሆነች። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሌሊት ደወለና ሳቀ። ሰላም እንኳ አላለም፣ ዝም ብሎ ሳቀና ዘጋው። አምስት ቀን ቆይቶ ኒው ሃምፕሸር ደረሰ። አሁን ደግሞ ፖሉ ኦባማ ነው አለ፣ በ8 ነጥብ ገደማ። ሂላሪ አሸነፈች! አባትህ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ውርርዱን ጨመረው። ክትፎው ላይ በግ ተደረበበት። አዮዋ ላይ ፖል የከዳው ሰውዬ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ ፖል ጋሽ ታደሰን ሲከዳው አየና ጀግና ሆነ።

ፌብሩዋሪ 12 የእኛ ተራ ነበር፤ ቨርጂንያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአንድ ቀን። ማታ ላይ ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆን ጀመር፤ ሜሪላንድ ውስጥ በዚሁ የተነሳ የምርጫውን ሰዓት አራዘሙት። አባትህ በዚያ መንገድ ጎረቤቶቻችንን በታክሲው ሲያመላልስ አመሸ፣ ግማሾቹ ለኦባማ ሊመርጡ እንደሚሄዱ እያወቀ። ይሄንን ነው እኔ በአባትህ የምወድለት። እኔ ቤት ቀረሁ። ዜግነቴ ገና አልወጣም ነበር፤ ቃለ መሐላውን የፈጸምኩት በዚያው ዓመት ሰመር ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ መርጫለሁ፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። ግን ያን ለት፣ ነገሩ ገና ባልለየለት ሰዓት፣ የእኛ ስቴት ድምፅ እንደዚያ በሚፈለግበት ጊዜ፣ አንተን አስተኝቼ መስኮት ላይ ቆሜ የሰው መኪና መብራት ስቆጥር ማምሸቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኦባማ ቨርጂንያን በ64 በመቶ ወሰዳት። የምርጫ ጣቢያ ሥራ ውስጥ የገባሁትም ከዚያ ቁጭት ነው፤ አንተ ግን "ማሚ ነፃ ዶናት ስለሚሰጧት ነው" እያልክ ትቀልድብኝ ነበር።

አባትህ አልተሸነፍኩም ብሎ እስከ ጁን ቆየ። ሂላሪ ጁን 7 በቃኝ ስትል ነው ከእርሻ ቦታ በጉን ገዝቶ ያመጣው። ጋሽ ታደሰ ቆዳውን ሳይቀር ጭኖ ሄደ።

የአባትህ ዕዳ በግና ክትፎ ነበር። ተበላ፣ ተሳቀ፣ አለቀ። ያንተ አምስት ሺህ ዶላር ነው። አውጣው።

ኮቱን ገዛህ? ባለፈው ቪዲዮ ላይ ሳይህ ያው ቀጭኑን ጃኬት ነው የለበስከው። ዴንቨር ቨርጂንያ አይደለም። የመኪናህንም ጎማ በረዶ ሳይጥል አስቀይር።

የጀመርኩትን ልጨርስልህ። ባይደንን አስታውስ። 2019ን ሙሉ ማለት ይቻላል ሲመራ ከረመ። 2020 ሲገባ አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጣ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ እዚሁ ቨርጂንያ በተደረገ አንድ ፖል ከሳንደርስና ከብሉምበርግ ቀጥሎ ሦስተኛ ነበር። ሁሉም ቀብሮት ነበር። ከዚያ የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ክላይበርን ደገፈው፣ ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይና ላይ የጥቁሮቹ ድምፅ አነሳው። እሑድ ቡቲጄጅ ከውድድሩ ወጣ። ሰኞ ክሎቡሻር ወጣች። ማክሰኞ እኛ ጋ ምርጫ።

እኔ በዚያ ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጣቢያው ነበርኩ። ለሰው የምንሰጠው ወረቀት ላይ የቡቲጄጅም የክሎቡሻርም ስም እንደታተመ አለ፤ ወረቀቱ ቀድሞ ታትሟላ! አንዲት ሴትዮ ወረቀቷን ተቀብላ መከለያው ጋ ሄደች። ቆመች። የእስክሪብቶውን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ተመልሳ መጣችና "አሁን የቀረው ማን ማን ነው?" አለችኝ። እኛ ደግሞ ስለ ተወዳዳሪ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልንም። ሄዳ እንደገና ቆመች። ይህቺን ሴትዮ ከዓመት በፊት ደውለው ቢጠይቋት ኖሮ ሳታመነታ አንድ ስም ትሰጣቸው ነበር፣ እነሱም ይመዘግቡት ነበር፣ አንተም አይተህ ብር ታስይዝ ነበር። ለካ እስክሪብቶ ይዛም አልወሰነችም። ያን ቀን ባይደን ቨርጂንያን በ53 በመቶ አሸነፈ።

"ታዲያ የመጀመሪያው ፖል ልክ ነበር ማለት ነው" ትለኛለህ። አዎ፣ መጨረሻው ላይ ልክ ሆነ። ግን አንተ በባይደን ላይ አስይዘህ ቢሆን ፌብሩዋሪን ትሻገር ነበር? አምስተኛ ሲወጣ አይተህ እንቅልፍ አጥተህ በኪሳራ ትሸጠው ነበር። አውቅሃለሁ። በክሪፕቶው ጊዜ ያደረግከውን እኔም አልረሳሁም፣ አባትህም አልረሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቤቱ ሆኖ "ሬስቶራንት ብትገባ ምን ትበላለህ?" ሲሉት "ጥብስ" ይላል፣ ስሙ ቶሎ ስለሚመጣለት። ገብቶ ሲቀመጥ ግን ጎረቤቱ ጠረጴዛ ላይ የመጣውን ያያል፣ አስተናጋጁን ይጠይቃል፣ ከዚያ ሌላ ያዛል። ከምርጫው ዓመት በፊት የሚደረግ ፖልም ብዙውን ጊዜ የሚለካው ስም ማወቅን ነው። በ2003 መጀመሪያ ላይ ከዴሞክራቶቹ ሊበርማን ይመራ የነበረው ለምንድን ነው? በ2000 ከአል ጎር ጋር ለምክትልነት ስለተወዳደረ ስሙ በሰው ጆሮ ገብቷል፣ በቃ። ጁሊያኒ 2007ን ሙሉ ማለት ይቻላል የሪፐብሊካኖቹ ቀዳሚ ነበር። እሱም ፍሎሪዳ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ በማግስቱ ተሰናበተ። በ2016 የተወዳደረውን ጄብ ቡሽን እንተወው፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦለት አንድ ስቴት ሳያሸንፍ ነው የሄደው።

በኖቬምበር ሰው ፓርቲውን ይዞ ነው የሚገባው። ዴሞክራቱን ሪፐብሊካን ምረጥ ብትለው ይጣላሃል። ፕራይመሪ ላይ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ላይ ግን፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ማንንም አያሳፍርም። ደግሞ አገሩ በተራ ነው የሚመርጠው። የመጀመሪያው ስቴት ውጤት የሁለተኛውን ሰው ልብ ይለውጣል፣ የተሸነፈው ገንዘብ ይነጥፍበታል፣ ይወጣል፣ ደጋፊው ይበተናል። አንተ የምታየው አገር አቀፍ ፖል የሚጠይቀው "ሁሉም ተወዳዳሪ ባለበት፣ ምርጫው ዛሬ ቢሆን፣ አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ቢመርጥ" ነው። እንደዚያ ያለ ፕራይመሪ የለም።

ፖል ሁሉ ውሸት ነው እያልኩህ አይደለም፣ እንዳታጣምምብኝ። በ2000 ጆርጅ ቡሽም ጎርም ከመጀመሪያው መርተው የየፓርቲያቸውን እጩነት አሸንፈዋል። በ2024 ትራምፕ ከፊት ሆኖ ጀምሮ ከፊት ሆኖ ጨርሷል። እንዲያውም በ2015 ትራምፕ ጁላይ ላይ ፖሉን መምራት ሲጀምር ስንቱ አዋቂ ነኝ ባይ በቴሌቪዥን "ገና ነው፣ ይወርዳል" ሲል አልነበረም? አልወረደም። ስለዚህ ፖሉን አምኖ ያስያዘም ይከስራል፣ ፖሉን ንቆ ያስያዘም ይከስራል። የአሁኑ መሪ እንደ ባይደን ይሁን እንደ ጁሊያኒ ማንም አያውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ ያ ስልክህ ላይ ያለው ቁጥርም አያውቅም።

ሰውዬውን ከወደድከው መውደድ መብትህ ነው። ሲወዳደር ቅዳሜህን ስጠው፣ ሂድ በር አንኳኳ፣ ስልክ ደውል። አባትህ በበረዶ ሰው ያመላለሰው ውርርድ ለማሸነፍ አልነበረም። ላብህን ግን፣ በሌሊት ፈረቃ ያገኘኸውን ላብህን፣ እዚያ አትወርውረው። እኔ አንተን ያሳደግኩት ብር ቆጥሬ ነው። ይሄን ስጽፍ ተናድጄ አይደለም፣ ትንሽ ብቻ።

አሁን የምታደርገው ይሄን ነው። ዛሬ ማታ ሽጠው። የወጣውን ወደ ቁጠባህ መልሰው። ትርፍ ካገኘህበት ታክስ ስላለው ለሚሠራልህ ሰው ንገረው፣ ከሳርክም ንገረው። ለየሺ ደውልላትና አትቆጣት፣ ለአንተ ብላ ነው። በርበሬና ሽሮ ልኬላታለሁ፣ እሑድ ሄደህ ውሰድ፣ ዕቃውን ሳትመልስላት እንዳትቀር።

ሌላ ደግሞ አድራሻ ስትቀይር የመራጭነት ምዝገባህን አብረህ ቀይር። ኮሎራዶ ውስጥ ፓርቲ ካልመረጥክ የሁለቱንም ፓርቲ ወረቀት በፖስታ ይልኩልሃል። ሞልተህ የምትመልሰው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ከላክህ ሁለቱም አይቆጠሩም። በአምስት ሺህ ዶላር የምትከታተለውን ምርጫ ራስህ ሳትመርጥ ብትቀር ግን በእውነት እቀየምሃለሁ።

ለአባትህ ትናንት ነግሬዋለሁ፣ ከእሱ የምደብቀው ነገር የለም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጋዜጣውን አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። ስንት እንዳስያዝክ አልጠየቀኝም። "በማን ላይ?" አለ። አልነገርኩትም፣ ከጋሽ ታደሰ ጋር ዳግመኛ በግ እንዲገዛ አልፈልግም። አንተም ሲደውል እንዳትነግረው።

እናትህ