ትሬለር በኦሞ አይታጠብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቤት ግዢና ስለ መኪና ኢንሹራንስ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ ትሬለር ግን እስካሁን ያነበብኩት የለም። እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ያገለገለ ትሬለር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ገዝቶ በበጋ ልጆቹን ይዞ ተራራ የሚወጣ አበሻ እየበዛ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ በጥቂት ዓመት ውስጥ የግድግዳው ቀለም ጠፍቶ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ማየት ነው። ዕድሜዬን በከባድ መኪና ሹፍርና ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። የራሴንም የወዳጆቼንም ትሬለር የማጥበው እኔ ስለሆንኩ፣ የማውቀውን ላካፍል።

ትሬለርን ከቆሻሻ ይልቅ የምትጎዳው ፀሐይ ናት። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ተራራው ላይማ ይብሳል። የብዙ ትሬለሮች ግድግዳ ፋይበርግላስ ነው። ላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው። ፀሐይዋ የምትበላው እሱን ነው። ጥቁር ጨርቅ ያዙና ወደ ደቡብ የዞረውን ጎን አሸት አድርጉት። ጨርቁ ላይ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ከቀረ፣ ጄልኮቱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ መጀመሪያ በፖሊሽ ማሸት፣ ከዚያ ዋክስ የሚባለውን ሰም መቀባት ነው። ፖሊሽ ራሱ ሽፋኑን በትንሽ በትንሹ ስለሚፍቅ በየጊዜው አይደረግም። ዋክሱን ግን በጸደይና በመኸር ብትቀቡት ፖሊሹ ላያስፈልጋችሁም ይችላል።

እጥበቱ ላይ ልማዳችንን እንተው። አገር ቤት ላቫጆ ውስጥ መኪና በኦሞ ይታጠባል፣ ጎማ በናፍጣ ይወለወላል። እዚህም ኦሞው ቀርቶ የሳህን ሳሙና ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የሳህን ሳሙና የተቀባውን ዋክስ አጥቦ ይወስደዋል። ለመኪና የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ውድ አይደለም። ጥላ ፈልጉ፤ በጋለ ግድግዳ ላይ ሳሙናው ደርቆ ምልክት ይተዋል። መጀመሪያ አቧራውን በብዙ ውሃ አውርዱ። በደረቅ አቧራ ላይ ጨርቅ ማሸት ማለት በአሸዋ መፋቅ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የተጨፈለቀውን ነፍሳት ሳይውል ሳያድር አንሱት፤ ከቆየ ሽፋኑን ይበላዋል።

በዊንዶው ጥግና በጣሪያው ጠርዝ በኩል ወደ ታች የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች ሁሉንም ሰው ያናድዳሉ። ግድግዳውን ብቻ ብታጥቡ በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳሉ፤ ምንጫቸው ጣሪያው ላይ ነውና። ስለዚህ ከጣሪያ ጀምሩ። ሰው መሸከሙን ካላወቃችሁ መሰላል ላይ ሆናችሁ ሥሩ። ጣሪያው ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ከሆነ ናፍጣም ቤንዚንም፣ ነዳጅ ነክ የሆነ ማንኛውም ማጽጃ እንዳይነካው፤ ያብጣል፣ ይበላሻል። እዚያው እያላችሁ በአየር ማስገቢያውና በኤሲው ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ በጣታችሁ እየነካካችሁ እዩት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ውሃ ያስገባል። ለጣሪያ የተሠራውን ማሸጊያ ተጠቀሙ። ተራ ሲሊኮን ከቀባችሁበት በኋላ ሌላ ማሸጊያ እላዩ ላይ አልይዝም ይላል፣ ፍቆ ማንሳቱም ፈተና ነው።

ሳንቲም እየከተቱ በግፊት ውሃ የሚያጥቡበት ቦታ ደግሞ ብዙ ትሬለር ሲበላሽ አይቻለሁ። ያ ግፊት ስቲከሩን ይልጣል፣ ማሸጊያውን ይነቅላል፣ ውሃውን በመገጣጠሚያው በኩል ወደ ውስጥ ይከተዋል። የግፊት ውሃ ለታችኛው ብረት ይሁን። በክረምት ወደ ተራራው የሚወስደውን አውራ ጎዳና፣ ኢንተርስቴት 70ን፣ ይዛችሁ ከወጣችሁማ የግድ ነው፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዝየም ክሎራይድ ብረት ይበላል።

ለክረምት ሰማያዊ ላስቲክ በገመድ የምታስሩም ተዉት። ነፋስ ሲያርገበግበው ግድግዳውን ይፍቃል፣ እርጥበትም ያፍናል። አየር የሚያሳልፍ መሸፈኛ ግዙ።

ያገለገለ ትሬለር ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ሂዱ። ከኋላ ጥግ ቆማችሁ ግድግዳውን በርዝመቱ ተመልከቱ። ካበጠ ወይም ከተወዛወዘ ውሃ ገብቶ ፋይበርግላሱ ከውስጡ እንጨት ተላቋል። ያንን ዋክስም ፖሊሽም አያድነው፤ ጥገናው ከትሬለሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቢያብረቀርቅም አትግዙት።

ዝግጅት ክፍሉ ከመስከረም በፊት፣ ሰው ትሬለሩን ለክረምት ሳያቆም፣ ለዚህ ጉዳይ አንድ ገጽ እንዲሰጥልን እለምናለሁ። ከአንባቢ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ