ሮዜታ ታርፕ እና የማንችስተሩ ዝናብ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዓመት ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴ በደል ነውና አስቀድሜ ይቅርታህን እጠይቃለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ሰሞኑን ያየሁትን አንድ የመድረክ ቅጂ ሳልነግርህ ማደር ስላልቻልሁ ነው።

ዘማሪዋ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ትባላለች፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት ተወልዳ፣ ወንጌላዊት በነበረች እናቷ ሥር በቤተ ክርስቲያን ጊታር እየመታች ያደገች ሴት ናት። ቅጂው ግራናዳ ቴሌቪዥን ሜይ 7 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ከተማ፣ ዊልብራሃም ሮድ በተባለ አገልግሎቱን ባቆመ ባቡር ጣቢያ የቀረጸው ነው። ተመልካቹ ከሐዲዱ ወዲህ፣ እርሷ ከሐዲዱ ማዶ ናቸው። ብሉዝ በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን የታወቀው ማዲ ዋተርስም በዚያው ዕለት ተጫውቷል፤ እኔን ይዛ ያስቀረችኝ ግን እርሷ ናት።

ከባድ ዝናብ ወርዶ ስለነበር ልትጀምርበት ያሰበችውን መዝሙር ትታ የኖኅን ዘመን ዝናብ የሚያወሳውን አነሣች። ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣ እርጥቡ ወለል ላይ ቆማ ነጩን የኤሌክትሪክ ጊታር ስትመታ፣ እርሷ ያወጣችውን ጊታሩ እንደ ተቀባይ ይቀበላታል፤ ቃሉን ሳትጨርስ ትታው ክሩ እንዲጨርስላት የምታደርግበትም ጊዜ አለ። ይህን ቦታ ደጋግሜ አየሁት። ብሉዙን ከመዝሙሩ ለይቼ ላውጣ ብል አልቻልሁም።

በ1938 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ፣ ኮተን ክለብ በተባለ የምሽት ጭፈራ ቤት መዝፈን በጀመረች ጊዜ ብዙ ምእመናን አዝነውባት ነበር። ይህን ሳነብ አንተ ትዝ አልኸኝ። በመዘምራኑ መካከል ጊታርህን ከፍ አድርገህ የመታህ ዕለት አንድ ሽማግሌ «ይህ የዓለም ዜማ ነው» ብለው በሰው ፊት ሲያሸማቅቁህ፣ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ጊታርህን በነጠላ ጠቅልለህ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ስታቆመውም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጽፍልህ በተነሣሁ ቁጥር እጄን የያዘኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ጊታሩ ካለ ክሮቹ ሳይዝጉ አይቀሩም። ስድስቱንም ገዝቼ፣ ቅጂውን ጨምሬ፣ በሚቀጥለው ወር ወደ አንተ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፤ ያን ቀን ያቋረጥኸውን መዝሙር መትተህ ቀርጸህ ላክልኝ።

ናፋቂህ