ትርፉ የጋራ፣ ድምፁ የአንዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኅዳር ሲገባ ጋዜጣችሁ በጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ይሞላል። ባንኩም ኢንሹራንሱም ተራ በተራ ይጠራናል፤ አጀንዳው እንደሆነ ከአምናው የተቀዳ ነው። እኔም በዕቁብ ብር አክሲዮን የገዛሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ጥሪ ሲደርሰኝ አልቀርም።

አንድ ዓመት ታዲያ በር ላይ የሚመዘግበው ልጅ ገና መታወቂያዬን ሳያይ «እናቴ፣ የጋሼን ውክልና ይዘዋል?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ አክሲዮን የወንድ ነው ብሎ ለምዶ ነው። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ የእናቱን፣ የሚስቱንና የሁለት እህቶቹን ውክልና አቅፎ ነበር። እሱን ያየ ማንም አልገረመውም።

ቦርድ ላይ ሴት ለምን አነሰች ስንል «ብቁ ሴት ጠፍታ ነው» ይሉናል። በአክሲዮን ማኅበር ግን የሚቆጠረው እጅ ሳይሆን አክሲዮን ነው። አዳራሹን ነጠላ ቢሞላውም ድምፁ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራን ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ የትርፍ ድርሻው ለሁለቱም ነው፤ ጉባኤ ገብቶ የሚመርጠው ግን ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። በአማራ ክልል የገጠር ባልና ሚስት የመሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ከተማ ላይ፣ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬታችን ላይ ይህን ማድረግ ለምን አቃተን?

በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን የጠነሰሱት 11 ሴቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ወንበር የለቀቀላቸው ሰው አልነበረም። አክሲዮኑን በራሳቸው ስም ገዙ፣ ሌሎች ሴቶችንም አስገዙ።

ኖርዌይ ከኩባንያ ቦርድ አባላት ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ብላ በሕግ ደንግጋለች፤ ያላሟላ ኩባንያ እስከ መፍረስ ይደርሳል። እኛም ኮታ ይኑረን ቢባል አልቃወምም። በ2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሲሆን አጨብጭቤ ነበር። ያ ግን ሹመት ነው፤ በፊርማ የመጣ በፊርማ ይሄዳል። በስሟ የተመዘገበ አክሲዮን ያላትን ሴት ግን አስመራጭ ኮሚቴውም ቢሆን ስልክ ደውሎ ድምፅ ይለምናታል።

ለእናንተም ቅሬታ አለኝ። ከጉባኤው ማግስት የምትጽፉት ስለ ትርፉ ብቻ ነው፦ ይህን ያህል ሚሊዮን አተረፈ፣ በዚህን ያህል በመቶ አደገ። ዘንድሮ ስንቱ ድምፅ በውክልና እንደተሰጠ፣ ከተመረጡት የቦርድ አባላትም ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ለጥሪው ሙሉ ገጽ ካገኛችሁ ለዚህ ሁለት መስመር አይጠፋም።

አንዲት ባለአክሲዮን
ከአዲስ አበባ