ወልድያ ስላለው ጅምር ቤትሽ

እህት ዓለም እንዴት ነሽልኝ? የጅዳ ሙቀት እንዴት እያደረገሽ ነው፣ ልጆቹስ አደጉ? ኢሞ ላይ የላክሽልኝን ቮይሶች ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ፣ አንዳንዱን ደጋግሜ፣ ግን አንዱንም ሳልመልስ ይሄው ሁለት አመት ሊሞላ ነው። ተቀይሜሽ አይደለም ወላሂ። ስለ ቤቱ ስትጠይቂኝ የምነግርሽ ደህና ነገር ስላልነበረኝ ነው። ሰው ቤት እየሰራሽ ከእንቅልፍሽ ቆርሰሽ የላክሽው ብር ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ ብዬ እንዴት ልበልሽ፣ ነገ ይሻላል ነገ ይሻላል ስል ዛሬ ደረስኩ።

ቤቱ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። መንገዱ ደህና ነው በተባለበት ሰሞን ሄጄ በአይኔ አይቼዋለሁ። መሠረቱና ኮለኑ ምንም አልሆነም፣ ብሎኬቱም እስከ መስኮት እንደደረሰ ነው፣ የወጣው ፌሮ ዝጓል፣ ለበርና ለመስኮት ብለን እማዬ ጓዳ ያስቀመጥነው ብረት ግን በጦርነቱ ጊዜ ተወስዷል፣ ቆርቆሮውም እንደዛው። ጎረቤቶች ግቢውን አጥር ሰርተው ጠብቀውልሻል።

የከበደኝ ሌላ ነው። ትዝ ይልሻል ቦታውን ስንገዛ፣ ባቡሩ ወልድያ አጠገብ ሀራ ገበያ ይደርሳል፣ ዩኒቨርሲቲው ይሰፋል እየተባለ ሰው ለአንድ ካሬ ሲሻማ? አሁን ያንን ቦታ ልሽጥ ብትይ ገዢ የለም። ርካሽ ሆኖ አይደለም፣ ገዢው ራሱ ነገ የት እንደምሆን አላውቅም ይልሻል። ባለፈው አንድ ሰውዬ መጥቶ ቦታውን ከነጅምሩ ባወጣሽበት ግማሽ ጠየቀኝ፣ ንግግሩን ሳይጨርስ አሰናበትኩት፣ ሳልጠይቅሽ ስለመለስኩት አዝናለሁ ግን እንደዛ ከሚሸጥ እዛው ይቁም ነው ያልኩት።

እና ታውቂያለሽ በዚሁ ጦርነት አንዱ ቤት እንዲህ ሲረክስ ሌላው ደግሞ የማይነካ ይሆናል። ይሄን በእግሬ ተጉዤ ነው ያየሁት። በሐምሌ 2013 ወልድያ ልትያዝ ሰሞን እማዬን ይዤ ደሴ ስገባ ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ በተፈናቃይ ሞልተው ነበር፣ እማዬ ከጉልበቷ ጋር መሬት ላይ መተኛት ስለማትችል አንድ ክፍል ፍለጋ ዞርኩ፣ ከወር በፊት 1500 ብር የነበረች ጭቃ ቤት 4000 አሉኝ፣ ቆንጥጬ ከፈልኩ። ከዛ በጥቅምት መጨረሻ ደሴም ስትያዝ ያ የተሻማንበት ክፍል በር ተከፍቶ ባዶውን ቀረ፣ እኛ ደብረ ብርሃን፣ እዛም ተፈናቃይ ደርሶ ኪራይ ጨምሯል፣ ከዛ አዲስ አበባ። በዛ አስፋልት ላይ ኪራዩ ከኛ ጋር አብሮ ነበር የሚጓዘው። ሸሽተን የወጣንበት ቤት ዋጋ ያጣል፣ የደረስንበት ደግሞ በኛው መምጣት ይወደዳል።

አዲስ አበባ የገባነው በህዳር 2014 ነው፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ አከራይ ተከራዩን ያስመዝግብ በተባለበት ጊዜ። ደላላው ስለ ቤቱ ከመናገሩ በፊት መታወቂያሽ የየት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ያኔ አለፍኩ። አጠገቤ የነበረች ትግርኛ ተናጋሪ ነርስ ግን ከልጇ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ልቀቂ ተባለች፣ እቃዋን ታክሲ ላይ ስትጭን አብሬያት አልቅሻለሁ። በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ከፋኖ ጋር ሌላ ውጊያ ሲነሳ ያው ጥያቄ ወደኔ ዞረ። ብር እጅሽ ላይ እያለ በትውልድሽ ምክንያት ጣሪያ መከልከል ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅኩት።

አሁን ጎሮ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ፣ ባለ አንድ መኝታ። ስገባ 5500 ነበር ዛሬ 16 ሺ ደርሷል። በ2016 የኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ ውሉ ቢያንስ ሁለት አመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል፣ ጥሩ ህግ ነው እደግፈዋለሁ፣ ግን እኔ ውሉ ላይ የፈረምኩት ብርና በየወሩ የምሰጠው ብር አንድ አይደለም፣ እምቢ ብል ቤቱን የሚፈልግ ሞልቷል። ሁሉን በጦርነቱ ማሳበብም ልክ አይደለም፣ ለኮሪደር ልማቱ ፒያሳም ሌላም ቦታ የፈረሰው ቤት ብዙ ነው፣ ከዛ የተነሳው ሰውም ኪራይ ይፈልጋል።

ብሩም ተዳከመ። ሲሚንቶ እንኳ በ2014 እና 15 ኩንታሉ ከ1000 ብር አልፎ ነበር፣ ያንቺ ግድግዳ ሳያልቅ የቀረበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ዶላር ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ፣ ስለዚህ ትንሽ ያለው ሁሉ ብሩ እጁ ላይ ከሚቀልጥ ቤት ይግዛ ብሎ አዲስ አበባ ላይ ይረባረባል። አያት አካባቢ ማታ መብራት የማይበራባቸው ህንፃዎች አሉ፣ የተሸጡ ናቸው ግን የሚኖርባቸው የለም፣ እኛ ደግሞ እዚያው ስር ክፍል እንለምናለን። ይሄን ሳይ ያናድደኛል፣ ቤት የሚኖርበት እንጂ ብር የሚደበቅበት መሆን አልነበረበትም።

አንቺም አዲስ አበባ ልግዛ ወይ ብለሽኝ ነበር በመጨረሻው ቮይስ። እኔ አትግዢ ባይ ነኝ። የምትልኪው ሪያል ሲመነዘር ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል እውነት ነው፣ ግን የቤቱ ዋጋም አብሮ ሄዷል፣ ባላለቀ ህንፃ ላይ ቅድሚያ ከፍለሽ አመት ከአመት መጠበቅ አንቺ አትችይም፣ ልጆች አሉሽ። የወልድያውን ደግሞ አትሽጪ። ግድግዳውን አስጨርሰን ቆርቆሮ ብናለብሰው እማዬ ትገባበታለች፣ ወልድያ ከተመለሰች ወዲህም ያንን አጥር እያየች ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። ካርታሽ ላይ ጥያቄ ተነስቷል፣ በጦርነቱ ፋይል ጠፍቷል፣ ኮፒ አምጪ አሉኝ። ዋናው አንቺ ጋር ነው መሰለኝ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ከፓስፖርትሽ ጋር ያስቀመጥሽው ሰማያዊ ፋይል። ሁለቱንም ገፅ በደንብ አንስተሽ ዋትሳፕ ላይ ላኪልኝ፣ ማህተሙ ይታይ። ውክልናዬም ጊዜው አልፎ እንደሆነ እይልኝ። መንገዱ ሳይዘጋ ከወሩ መጨረሻ በፊት መሄድ ፈልጌያለሁ።